የባለነጠብጣቡ ቀንድ አውጣ ጥርስ

በዚህች ታሪክ ውስጥ ቅንጣት ውሸት ብትገኝ ምላሴ ይድረቅ! ማዕበሉ ተራራ ያክል ነበር ካልኩ፣ ያክል ነበር፤ እንዲያውም ለትሕትና ቀንሼዋለሁ።

ጺሞ በሙዚየሙ ዛጎሎችን በየወገናቸው የሚመድብ ባለሙያ ነው። ዕድሜውን የፈጀው በአንድ የባሕር ቀንድ አውጣ ወገን ላይ ነው፦ ዓሣ በመርዘኛ ጥርስ ወግተው የሚውጡ አዳኞች። ባልደረባው መነጽሮ ግን «ባለነጠብጣቡ ቀንድ አውጣ ዛጎሉ የሌሎቹን ስለማይመስል ከዚህ ወገን ይውጣ» ብሎ ተነሣ። ጉባኤው ከሰዓት በኋላ ይወስናል። የሚዳኛቸው ጥርሱ ነው፤ ሙዚየሙ ያለው ግን ባዶ ዛጎል ብቻ።

«እትዬ፣ ጀልባሽን!» አለ ጺሞ ታላቅ እህቱን።

«በዚህ ንፋስ? ምን ነካህ?»

«ነፍስ ያለው ካላመጣሁ የዕድሜ ልክ ልፋቴን ውሃ በላው!»

«አንተንም እንዳይደግምህ!»

ወጡ። ንፋሱ ሸራውን እንደ ወረቀት ተረተረው። ሰማይና ባሕር ተደባለቁ። ጺሞ በአንድ እጁ ቀዘፈ፣ በአንዱ ውሃ ቀድቶ ደፋ፣ በሌላው እህቱን አጽናና። ከጀልባዋ የረዘመ ሻርክ ብቅ አለ፤ አፍንጫውን በመቅዘፊያ ቢያቀምሰው ጅራቱን ቆልፎ ፈረጠጠ። ጺሞ ቁልቁል ጠለቀ። ከታች አንድ ኦክቶፐስ በዚያው ቀንድ አውጣ ላይ ዓይኑን ጥሎ ኖሯል! ስምንት እጅ ከሁለት እጅ ተናነቀ። ቀንድ አውጣው ጦሩን ሰበቀ፤ ጺሞም መቆንጠጫውን። ማን እንደቀደመ ለመፍረድ ጺሞ በሕይወት መኖሩ ይበቃል።

ጉባኤው ሳይበተን ጺሞ ቀንድ አውጣውን ይዞ ውሃ እያንጠባጠበ ገባ። መነጽሮ ጥርሱን ሊያይ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ። ጥርሱ እንደ መርፌ ውስጡ ክፍት፣ ጫፉ እንደ መንጠቆ የተመለሰ፤ ቁርጥ ወገኖቹን!

«ተረታሁ፣ ወንድሜ» አለ መነጽሮ። «ግን የተገኘበት ቦታ ሳይታወቅ ምደባው አይጸድቅም። ከየት አመጣኸው?»

ጺሞ ደረቱን ነፋ። «ከሃምሳ ሜትር ጥልቀት፣ ማዕበሉን ሰንጥቄ፣ ሻርኩን አባርሬ...»

በሩ አጠገብ የቆመችው እህቱ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ቦታው ለሥራችሁ የሚያስፈልግ ከሆነ ብዬ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ከወደብ አልወጣንም። ማዕበልም አልነበረም። ሻርክ ያለው የተንሳፈፈ ጎማ ነው። ቀንድ አውጣው መልሕቁን ስስብ ከነአሸዋው ወጣ። እሱ የረጠበው ከጀልባዋ ሲወርድ አዳልጦት ነው።»

የእጅ ጓንቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጥርሱ ግን የእውነት ነው፤ ይኸው ጓንቴን በስቶታል።»