ባዶ የማይቀበል መስመር

መካኒኩን የተዋወቅኩት በአንድ መስመር ምክንያት ነው። የክር ፋብሪካችን ሊዘምን ነው ተብሎ የወረቀት መዝገቡ ተነሳና ኮምፒውተር ገባልን። የሠራተኛውን ሁሉ መታወቂያ እንደ አዲስ የምሠራው እኔ ነበርኩ።

«ብሔር?» አልኩት፣ ቀና ሳልል።

«መካኒክ።»

ቀና አልኩ። እጁ ግራሶ በግራሶ ሆኗል፤ ዓይኖቹ ይስቃሉ።

«የምሬን ነው» አለ። «እናቴ ከአንዱ፣ አባቴ ከሌላው። ስቀጠር ማንም አልጠየቀኝም። ባዶ ተዪው።»

«ማሽኑ ባዶ አይቀበልማ።»

«እንግዲያው ይበላሽና ልጠግነው ልምጣ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ካርዱን ሳላትም አቆየሁበት፤ እሱም በአሮጌው መታወቂያ መግባቱን ቀጠለ። በየቀኑ በምሳ ሰዓት መስኮቴ ጋ ብቅ ይልና «መስመሬ ሞላ ወይ?» ይለኛል።

«ገና ነው» እለዋለሁ፣ ነገም እንዲመጣ።

እንዴት እንደወደድኩት እኔ ነኝ የማውቀው። በሦስተኛው ወር እንጋባ አለኝ።

እማዬ ግን ፊት ነሳችኝ። «የማን ወገን ነው?» ከዚህ ሌላ ጥያቄ አልነበራትም። ድሮ እንዲህ አልነበረችም። የፋብሪካው ማስፋፊያ ተከፍቶ ቅጥር ሲጀመር፣ ሥራውን የወሰዱብን እነእንትና ናቸው የሚለው ወሬ ሰፈሩን ሁሉ በክሎት ነበር።

አንድ ጠዋት መስመሩ ላይ የራሴን ብሔር ጻፍኩና ካርዱን አተምኩ። ቤት ወስጄ ለእማዬ ሳሳያት ፊቷ ፈካ። እሱ አገላብጦ አየው።

«ሳታገቢኝ ዘመድ አደረግሽኝ?» አለ። «ይሁን፣ እናትሽን ደስ ካላት።»

ለሠርጋችን ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዱላ የያዙ ጎረምሶች የፋብሪካውን በር ያዙ። የሚወጣውን ሠራተኛ ካርድ እያነበቡ የእኛን ወገን ለብቻ ያቆሙ ጀመር። እኔን አለቃዬ እንዳያገኙኝ ብሎ መዝገብ ቤት ቆልፎብኝ ነበር። መካኒኩን በመስኮት አየሁት። ካርዱን ተቀበሉት፤ አነበቡት።

አባቱ የእነሱ ወገን ነው። ቋንቋቸውን አቀላጥፎ ይናገራል። «ተሳስተው ነው የጻፉት» ቢል ይበቃው ነበር። ግን ማን ጻፈው ይሉታል፤ መልሱ ደግሞ እኔ ነኝ።

ዝም አለ። ወደ መስኮቴ አንዴ እንኳ ቀና አላለም።

በጭነት መኪና ወሰዷቸው። አንዳቸውም አልተመለሱም።

ፋብሪካው ከወር በኋላ ሥራ ጀመረ። እኔም እዚያው ወንበር ላይ ነኝ። በምሳ ሰዓት ግራሶ ይሸተኛል። ቀና እላለሁ፣ መስኮቱ ጋ ማንም የለም። ያኔ የእሱን ገጽ እከፍትና የጻፍኩትን አጠፋለሁ። ማሽኑ እምቢ ብሎ ይመልሰዋል።

«መስመሬ ሞላ ወይ?» ሲለኝ እሰማዋለሁ።

«ገና ነው» እለዋለሁ።