ከጆሮው ኋላ

ቀጭኑ የሚባለው ሰውዬ ያመጣቸውን ቦት ጫማዎች በሩ ሥር አስቀመጠና መቀመጫ እንደጠፋው ሰው ቆሞ ቀረ። ልጅቷ አወቀቻቸው። የአባቷ ናቸው፤ የግራው ማሰሪያ በሽቦ ተጠግኗል።

«ዕቃ ቤት ቀርተው ነው» አለ። «ሌላ ሰው ከሚያደርጋቸው ብዬ…»

«ተቀመጥ እንጂ ወንድሜ» አለች እናቷ።

ተቀመጠ። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ ሱሪው ላይ ሣር ተለጣጥፎበታል። በኤሌክትሪክ መስመር ሥር የሚበቅለውን ቁጥቋጦ ከአባቷ ጋር ዘጠኝ ዓመት መንጥሯል፤ ቀጭኑ የሚለውን ስምም ያወጣለት አባቷ ነው። አባቷ ከሞተ ዛሬ አስራ ስምንት ቀኑ። ትኩሳቱን ጉንፋን ነው ብለው ብዙ ቀን ጠበቁ። ሆስፒታል ሲደርስ ነርሷ ከቀኝ ጆሮው ኋላ፣ ፀጉሩ ሥር፣ ጥቁር ቅርፊት የያዘ ትንሽ ቁስል አገኘች። መዥገር ነው፣ ቀናት ተጣብቆ ደም ጠጥቶ በሽታውን ትቶለት ወድቋል፣ አሉ። ያኔ ረፍዶ ነበር።

«ሰነፈ» አለች እናቷ ጫማዎቹን እያየች። «አንድ ቀን ደከመኝ ብሎ ገላው ሳይታይ ተኛ፣ በቃ። ስንቴ ነግሬዋለሁ። ለራሱ ባያስብ ለእኛ አያስብም?»

ለቅሶ ለመጣ ሰው ሁሉ ይህንኑ ስትል ሰንብታለች። ልጅቷም በሰማች ቁጥር ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች።

አባቷ ማታ ማታ ልብሱን ደጅ አውልቆ ያራግፋል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ቁጭ ይላል። «ዶክተሬ፣ በሽተኛሽ መጥቷል» ይላል። ልጅቷም አንገቱን፣ ብብቱን፣ ከጉልበቱ ኋላ፣ የፀጉሩን ሥር ታያለች። ካገኘች በወረንጦ ቆዳው ድረስ ዝቅ ብላ ይዛ ቀጥ አድርጋ ትነቅላለች። አሥራ አንድ ዓመት ከሞላት ጀምሮ ሥራዋ ይኸው ነበር።

ትኩሳቱ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ሐሙስ ግን ከጓደኛዋ ጋር በስልክ እየተጻጻፉ ይነታረኩ ነበር። ሦስቴ ጠራት። ስልኩን እንደያዘች መጣች፤ በአንድ እጇ አንገቱን ዳሰስ አደረገችና «ንጹሕ ነህ አባዬ» አለችው።

«ጆሮዬንስ?»

«አየሁት አልኩህ እኮ!»

«እሺ፣ አመሰግናለሁ ዶክተር» አለና ሸሚዙን ለበሰ።

«እሱስ ሰነፍ አልነበረም» አለ ቀጭኑ ለእናቷ፣ ቀስ ብሎ። «ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ሲከት ‹የኳስ ግጥሚያ አለህ እንዴ?› እያልን የምንስቅበት እኛ ነን። አሁን ሁላችንም እንከታለን። ማንስ ይስቃል?»

«ታዲያ ሰነፍ ካልሆነ ለምን ሳይታይ ተኛ?»

ቀጭኑ ቆቡን እያገላበጠ አቀረቀረ። ልጅቷ የተጠገነውን ማሰሪያ አየች። አባቷ መልስ መስጠት አይችልም።

«እማዬ፣ ሳይታይ አልተኛም» አለች። «ጠርቶኝ ነበር። ጆሮዬንስ ብሎ ጠይቆኛል። አየሁት አልኩት። አላየሁም።»

እናቷ አልጮኸችም። ጎንበስ ብላ የግራውን ጫማ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችና ሽቦውን በጣቷ ደጋግማ አሸችው።

«አስራ ስምንት ቀን ሙሉ እሱን ስወቅስ» አለች፤ አልጨረሰችውም።

ቀጭኑ ቆቡን ደፍቶ ቀስ ብሎ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ እናቷ ቀና ሳትል «አንተንስ ማን ያይሃል?» አለችው።

«እኔን? መስታወት አለኝ።»

«መስታወት ከጆሮ ኋላ ያሳያል?»

ብቻውን የሚኖር ሰው ነው።

ልጅቷ ስልኳን መደርደሪያው ላይ በፊቱ ደፋችው። ወረንጦው ከአባቷ ምላጭ ጎን እንደተቀመጠ ነበር። አነሣችው፤ በርጩማውንም ጎትታ ብርሃኑ ወዳለበት መስኮት ሥር አስጠጋች።

«ጋሼ፣ ና ቁጭ በል» አለችው።

ቀጭኑ ወደ እናቷ አየ። እናቷ በአገጯ ወደ በርጩማው አመለከተችው። ቆቡን አውልቆ ተቀመጠ። ልጅቷ የቀኝ ጆሮውን በሁለት ጣቷ ወደፊት አጠፍ አድርጋ ጎንበስ አለች፤ አልቸኮለችም።