ሠላሳ ሁለት የመርፌ ቀዳዳ

ባሻ አዛናው የኸሊፋን ወርክሾፕ ደጃፍ ሲረግጥ መጀመሪያ የተቀበለው ዝንብ ነው። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ የተቃጠለ ቫርኒሽ፣ የሰሊጥ ዘይትና የሰው ሥጋ። የመተማ ፀሐይ ሬሳ አያሳድርም። ባሻ በነጠላው አፍንጫውን ይዞ ገባ።

የካቲት ፲፱፻፴፫ ነበር፤ ጣልያን መተማን ለቆ ከወጣ ወር አልሞላውም። የአርበኞቹ የራዲዮ ሠራተኛ እንግዳው ወለሉ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ በዘይት በራሰ ወረቀት ተጠቅልሎ በሲባጎ ታስሯል። ከአጠገቡ አንዲት የብረት ሣጥን አለች። ከትንሿ ሞተር የሚመጣውን ኤሌክትሪክ አጠንክራ ለራዲዮው እንድታቀብል፣ እንግዳው ሥዕሏን ከካርቱም ይዞ መጥቶ ያሠራት ናት። ጠዋት ሊሞክራት ሞተሩን አስነስቶ ሣጥኗን በእጁ ያዘ፤ በዚያው ወደቀ።

«ባሻ፣ ነገሩ ያለቀ ነው» አለ የአርበኞቹ አለቃ ፊታውራሪ ያረጋል። «የጠራሁህ ለወጉ ነው። ሥዕሉ ሌላ ይላል፤ ይቺ ሴት ሌላ ሠራች። ባንዳ ናት። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ከቀብር መልስ ትረሸናለች።»

ሴትዮዋ አየሁሽ ትባላለች፤ በወርክሾፑ የመዳብ ሽቦ ጠቅላይ ናት። እጇን የኋሊት ታስራ ከምሰሶው ሥር ተቀምጣለች። ነጠላዋ በምራቅ ርሷል። በደጅ ያለፈ ሁሉ ጎራ እያለ ይተፋባታል። ከሚተፉት ውስጥ አምስት ዓመት ሙሉ ለጣልያን እጅ ሲነሡ የከረሙትን ባሻ በስማቸው ያውቃቸዋል፤ አተፋፋቸው ከሁሉም የበረታ ነበር።

ባሻ ከጣልያን በፊት የመተማ ኬላ ፈታሽ ነበር። በሕፃን ሽንት ጨርቅ የተጠቀለለ ዝባድ ያገኘ፣ የሰውን ጓዝ ሲፈታ የኖረ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሥራ አፍንጫን ያሠለጥናል፤ ለሰው ያለን ግምት ግን ያበላሻል።

«ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ የወጣ ሰው አለ?» ሲል ፊታውራሪን ጠየቀ።

«ማንም። ሞተሩን ይጠብቁ የነበሩት ወታደሮቼ ወዲያው ደጁን ዘጉት። ሦስቱንም ልብሳቸውን አስወልቀው ፈትሸዋል።»

ሦስቱ አየሁሽ፣ የወርክሾፑ ባለቤት ኸሊፋና ሥዕል ያዡ ደምለው ናቸው። ባሻ በኸሊፋ ጀመረ። ኸሊፋ የሰሊጥ መጭመቂያ ሞተር ሲጠግን ያረጀ፣ ጢሙ የነጣ ሰው ነው።

«አባ ኸሊፋ፣ ደንበኛ ሥዕል ሲያመጣላችሁ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ወላሂ ባሻ፣ የደንበኛ ሥዕል አደራ ነው። ሠራተኛ አይነካውም። ሥዕል ያዡ ወረቀት በሰሊጥ ዘይት ይነክራል፤ ወረቀቱ የሥሩን ማሳየት ሲጀምር ከሥዕሉ ላይ አድርጎ ይገለብጠዋል። ደንበኛው ግልባጩን ከራሱ ሥዕል ጋር ያስተያይና በአውራ ጣቱ ይፈርማል። ዋናውን ይዞ ይሄዳል። ጣት የሌለበትን ወረቀት እዚህ ማንም አይሠራም።»

«የተፈረመውስ?»

«ከሠራተኛዋ ሰሌዳ ላይ አይነሳም። ደንበኛው ሞክሮ ደግ ነው ሲል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የሚሰቅል ደምለው ነው። ገና በጥር የቀጠርኩት ነው፤ እጁ ግን ወርቅ ነው።»

«እንግዳው የፈረመ ዕለት የተናገረው ነገር ነበር?»

ኸሊፋ ጢሙን ዳበሰ። «ግልባጩን ብዙ አየው። ሥዕሉ ላይ ያሉትን ቀስቶች ጭራ ይነካካል። 'ራዲዮው ሲሠራ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ አንድ ሥዕል ሠሪ ነው' አለ። የሚቀልድ መስሎኝ ስቄያለሁ።»

«ደምለው ነበረ?»

«ቀለሙን የያዘለት እሱ አይደል።»

ደምለው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጥፍሩ የጸዳ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው ነበር። የቀኝ አውራ ጣቱን ሆድ የድሮ የምላጭ ጠባሳ ለሁለት ከፍሎታል። ግድግዳው ላይ ወዳለው ሥዕል እያመለከተ አለቀሰ፤ እንባው ግን ቶሎ ደረቀ።

«ይኸው ባሻ፣ ራስዎ ይዩት። ቀዩ መስመር ኃይለኛው ሽቦ ነው። ጫፉ ሸክላው ላይ ያርፋል፤ ሸክላ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። እሷ ግን ከሣጥኑ ብሎን ጋር አሰረችው። ሣጥኑ በሙሉ ገዳይ ሆነ። የሟቹ ጣት ይኸው፣ ፊርማው ይኸው።»

«እጁን ማን ጠቀለለው?»

«እኔ ነኝ። ዝንቡ ሲወርረው አንጀቴ አልቻለም። ማንም ሊነካው አልፈለገም፤ እኔ ግን ወንድሜ ነው ብዬ ጠቀለልኩት።»

«እግዜር ይስጥህ» አለ ባሻ፤ ወደ አየሁሽም ዞረ።

«አየሁሽ፣ ማንበብ ትችያለሽ?»

«አልችልም ጌታዬ። መስመር እከተላለሁ። ቀዩን በቀይ፣ ጥቁሩን በጥቁር።»

«ቀዩ የት ሄደ?»

«ብሎኑ ላይ። ግራ ቢገባኝ ደምለውን ጠየቅሁት። 'ደንበኛው ያዘዘው ነው፤ ሥዕሉን ተከተይ' አለኝ።»

«ውሸታም» አለ ደምለው በለሰለሰ ድምፁ።

«ዙሩን እንዴት ትቆጥሪዋለሽ?»

«መቶ ስሞላ ከሥዕሉ ጠርዝ በመርፌ አንድ እወጋለሁ። እንዲያ ካላደረግሁ ይጠፋብኛል።»

ባሻ ወደ ሰሌዳዋ ሄዶ ጎንበስ አለ። የሰሌዳው እንጨት በቫርኒሽ ተለቅልቋል፤ በአንድ ጠርዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተሰልፈዋል። በጥፍሩ እየነካ ቆጠራቸው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አውርዶ ወደ ፀሐይ ዘረጋው። ወረቀቱ ንጹሕ ነበር። ከዚያም የሟቹን የደረት ኪስ ፈትሾ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ አየው፤ ፊቱ ጠቆረ።

በዚህ መካከል ቃሬዛ የያዙ ሰዎች መጡ። ደምለው ከሁሉ ቀድሞ በሬሳው ራስጌ ቆመ። «እናንሣው፤ ሬሳ ማቆየት ነውር ነው።»

«አስቀምጡት» አለ ባሻ። «ፊታውራሪ፣ ሰዉን ሁሉ ወደዚህ ያስገቡልኝ። የተፉትም ይግቡ።»

ቤቱ ሞላ። ባሻ ንጹሑን ሥዕል ከፍ አድርጎ ያዘ።

«አየሁሽ ስድስት ቀን ሠርታለች፤ እጇ እስካሁን በቫርኒሽ እንደተለቀለቀ ነው። ይህ ወረቀት ግን አንድ ጠብታ የለበትም። ሰሌዳዋ ላይ ሠላሳ ሁለት የመርፌ ቀዳዳ ቆጥሬያለሁ። እዚህ ላይ አንድም የለም። ፊርማው የእንግዳው ነው፤ ሥዕሉም ትክክል ነው፤ ነገር ግን አየሁሽ ይህን ወረቀት አይታው አታውቅም። የሠራችው ከሌላ ነው።»

«ሌላውስ የታለ?» አለ ፊታውራሪ።

«እኔም እሱን ስፈልግ ነበር። በወጉ መሠረት እስከ ሙከራው ድረስ ከሰሌዳው ሊነሳ አይችልም። ሰውዬው ሲወድቅ፣ ሰው ሁሉ ሲጯጯህ ወረቀቱ ከሰሌዳው ተነሳ፤ ተደብቆ የቆየው እውነተኛው ግድግዳ ላይ ወጣ። ወዲያው ደጁ ተዘጋ። ቫርኒሽ ባለበት ቤት እሳት አይጫርም፤ ማቃጠል አይቻልም። ኪስም ይፈተሻል። ስለዚህ ማንም ሊነካው የማይፈልግ ቦታ መደበቅ ነበረበት፤ በዘጠኝ ሰዓትም አፈር ይለብሳል።»

ባሻ ተንበርክኮ ሲባጎውን ፈታ። ሽታው ተነሣ፤ ከፊት የቆሙት አፈገፈጉ። ወረቀቱ ከተቃጠለው ቆዳ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ባሻ ጥርሱን ነክሶ ቀስ እያለ ላጠው። ዘይቱ ቀለሙን ጠብቆታል። ቀዩ መስመር ቀጥ ብሎ ብሎኑ ላይ ያርፋል።

«ፊታውራሪ፣ ጠርዙን ይቁጠሩልኝ።»

ፊታውራሪ በዝግታ ቆጠረ። «ሠላሳ ሁለት።»

«አሁን የፊርማውን ጣት ይዩ።»

የጣቱን አሻራ ነጭ መስመር ለሁለት ከፍሎታል። ደምለው ጠባሳውን ሊሰውር እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ኸሊፋ ግን ቀድሞ አንጓውን ያዘው።

«ይህ ደግሞ ከሟቹ ኪስ የወጣ ነው» አለ ባሻ የታጠፈውን ወረቀት ዘርግቶ። « ጣልያን ጥሎት ከሄደው ቢሮ ያገኘው ይመስለኛል። በአርማጭሆ ቆላ የአርበኞቹ የውኃ ጉድጓድ የት እንዳለ ያሳያል። በጣልያን ዘመን አውሮፕላን የደበደበው ጉድጓድ ነው። እያንዳንዱ ቀስት ጭራው ላይ ትንሽ ክብ አለው። የደምለውም ግልባጮች ሁሉ እንዲሁ ናቸው። እንግዳው ጠርጥሯል፤ እርግጠኛ ለመሆን ራዲዮውን ይጠብቅ ነበር። አንተ ግን፣ ደምለው፣ ራዲዮው ከሚናገር እሱ ዝም ይበል አልክ።»

«አስገድደውኝ ነው» አለ ደምለው። «ያልሣልኩ እንደሆን ይገድሉኝ ነበር።»

«ጉድጓዱን እንድትሥል አስገድደውህ ይሆናል። ይህን ግልባጭስ? እሷን ማስወንጀልስ? የገደልከውን ሰው እጅ ወንድሜ እያልክ ስትጠቀልል ማን አስገደደህ?»

ወታደሮቹ ደምለውን ሲወስዱት ሰዉ ሊተፋበት ተንጋጋ፤ ቅድም አየሁሽ ላይ የተፉት ቀደሙ። አንዱም ገመዷን ሊፈታላት ጎንበስ አለ። ባሻ በክርኑ ገፍቶ ራሱ ፈታት።

«ይቅር በይን እኅቴ» አለ ፊታውራሪ፤ የሰውነቱ ግዝፈት ድንገት የከበደው ይመስል ነበር።

አየሁሽ አላየችውም። የራሰ ነጠላዋን አውልቃ ጣለች። ሄዳ ንጹሑን ሥዕል ከባሻ እጅ ተቀበለችና ቀዩን መስመር እስከ ሸክላው ድረስ በጣቷ ተከተለች።

«ይህ የሟቹ ጣት ነው?»

«የእሱ ነው።»

«እንግዲያ ያዘዘው ይሠራለት።»

ሬሳው ወጣ። ባሻ ከደጅ ጎንበስ ብሎ እጁን በአመድና በውኃ ሦስት ጊዜ አሸ፤ የሰሊጡ ዘይት ሽታ ግን አልለቀቀውም። ከበስተኋላው የመጠቅለያዋ መዘውር ሲሽከረከር ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ቆመ። ዞር ሲል አየሁሽ መርፌዋን አንሥታ ከሥዕሉ ጠርዝ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ስትወጋ አያት።