የወንዝ ያልሆነው ድንጋይ

ስርጉት ድንጋዩ ላይ ያለውን የገመድ ጭረት ያየችው ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ነው። ከክፍሏ ልጆች ጋር የትምህርት ቤቱን የአበባ መደብ ሠርተው ጨርሰው እጇን ልትታጠብ ጎንበስ ስትል፣ ዳሩ ላይ ከተተከሉት ድንጋዮች አንዱ አንገቱ አካባቢ ገመድ ያሻሸው መስመር አለው። የወንዝ ድንጋይ ድቡልቡል ነው። ይህ ረጅም፣ ስስና ጥቁር ነው። ክው ብላ ቀረች።

ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ ወንዙ ዳር ጎን ለጎን ያረጁ ናቸው። ነገ እሑድ ከደብረ ታቦር የሚመጡ እንግዶች ሁለቱንም ይጎበኛሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም ሰው የሚጠራው ከወይራው ዛፍ ላይ በተንጠለጠሉ ስስና ረጃጅም የድንጋይ ደወሎች ነው። ድምፀ ቀጭኑ ደወል ሰሞኑን ጠፍቷል። ዘበኛው አባ ገሰሰ ለቱሪስት ሸጡት የሚል ወሬ ከተማውን አዳርሶ፣ ሰበካ ጉባኤው ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሊያሰናብታቸው ቆርጧል።

ድንጋዮቹን በጋሪ ያመጣው የክፍል ጓደኛዋ ምናለ ነው። ከየት እንዳመጣቸው ሲጠየቅ፣ ከወንዝ ብሎ ነበር።

ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ወስዳ ጠየቀችው። መጀመሪያ ሳቀባት፤ ደግሞ ተቆጣ፤ በመጨረሻ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ደወሉን ያገኘው ገመዱ ተበጥሶ ወድቆ፣ ከፈረሰው የቤተ ክርስቲያኑ የአጥር ካብ ጋር ተደባልቆ ነው።

«ሙች፣ ደወል መሆኑን አላወቅኩም» አላት። «ያወቅኩት ወሬው ከተነሣ ወዲህ ነው። የአባቴን ቁጣ ታውቂው የለ? እንግዶቹ ይሂዱና ሰኞ ቀስ ብለን እናወጣዋለን።»

«ሰኞ አባ ገሰሰ የሉም» አለችው።

ይህን ብላ ጥላው ሄደች።

ከጎረቤታቸው ከግንበኛው ከጋሽ ከማል መሮና መዶሻ ተውሳ ስትመለስ እናቷ የሺ በር ላይ ያዘቻት። ጉዳዩን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። አብረሽው ነበርሽ ይሉሻል፤ ድንጋዩ ቢሰበር ደግሞ የሰበረችው እሷ ናት ይባላል፤ ስምሽ አንዴ ከጠፋ ማን ያጥበዋል እያለች እጇን ይዛ ለመነቻት። ስርጉት መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ስታወጣ ስታወርድ ነበር የመጣችው።

«እሱንም አስቤዋለሁ፣ እማ» አለችና እጇን ቀስ አድርጋ አስለቀቀች።

መደቡ ጋ ተንበርክካ ሲሚንቶውን በጥቂት በጥቂቱ መፈርፈር ጀመረች። ጥቂት እንደቆየች አንድ እጅ መጥቶ ድንጋዩን በጃኬት ጠቀለለው። ምናለ ነው። እሱ ይዞ እሷ ስትመታ፣ ድንጋዩ ሊወጣ ሲል ጫፉ ተሸረፈ። ሁለቱም ደንግጠው ተያዩ።

«ቀጥይ» አላት ምናለ።

አባ ገሰሰ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። ልጆቹ ድንጋዩን ጭነው ያመጡበትን ጋሪ ሲያዩ ተነሡ። ነገሩን ሁሉ ሳያቋርጡ ሰሙና ድንጋዩን በመቀነታቸው አንጠልጥለው በጠጠር መቱት። ድምፁ ትንሽ ሻከር ብሏል፤ ግን አሁንም ሰው ይጠራል። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከዚያ ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ነገሯቸው። ልጅ ሸንጎ ፊት አይቆምም፤ እሳቸው ሣር ውስጥ አገኘሁት ይላሉ፤ ነገሩም እዚያው ላይ ያበቃል። ምናለ እፎይ ሲል ስርጉት ሰማችው። እሷም እሺ ለማለት ትንሽ ነበር የቀራት።

«እንዲያ ካሉማ፣ አባ፣ ሰርቀው ፈርተው መለሱት ነው የሚሉዎት» አለች።

ምናለ እጁ ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ ሲልጥ ቆየ።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ እኔ ነኝ የምናገረው» አለ። «ለአባቴም ዛሬ እነግረዋለሁ።»

«ቁርጥህ ነው፣ ልጄ?»

«ቁርጤ ነው።»

ስርጉት እስከ ቤቱ አብራው እንደምትሄድ ነገረችው። አባ ገሰሰ ሁለቱንም ተራ በተራ አዩና ደወሉን እስከ ነገው ጉባኤ ዕቃ ቤት አግብተው በሩን ቆለፉ።