የተወሰደ እርምጃ

የሦስት ዓመቷ ማሬ ሐሙስ ቀትር ላይ ሩዟን በልታ፣ እጇን ታጥባ ተኛች። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሲቀሰቅሷት አልነቃችም። ሰዓዳ ሌሎቹን አምስት ልጆች ለጎረቤት ትታ፣ ማሬን ታቅፋ ከደብረ ታቦር ገበያ ጀርባ እስከ ሆስፒታል በረዶ እየወረደባት ሮጠች። ሐኪሙ የሕፃኗን ደረት አዳምጦ ራሱን ነቀነቀ።

ዓርብ ጠዋት ጉዳዩ ኢንስፔክተር ውዴ እጅ ሲገባ ከተማው ፈርዶ ጨርሶ ነበር። ሰዓዳ በቤቷ ሕፃናት የምታውል ሴት ናት፤ በልጆቹ መኝታ ክፍል መሀል የከሰል ምድጃ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ብርዱን ፈርታ ከሰል አንድዳ፣ መስኮት ዘግታ ልጅ ገድላለች። ጣቢያ ታስራለች፤ ሰኞ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ውዴ በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስነት ሥራዋ እንደዚህ ያለ ጉዳይ ያንገሸግሻታል፤ ሬሳው ሳይቀበር ጥፋተኛው የሚታወቅበት።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ስድስት ትንንሽ ፍራሾች፣ አንድ መስኮት፣ ወለሉ ላይ አረንጓዴ ፕላስቲክ ምንጣፍ። መሀል ላይ አመድ የሞላ ምድጃ ተቀምጧል። ከኋላ ባለው በር ላይ በቀይ ቀለም «የአደጋ ጊዜ መውጫ» ተብሎ ተጽፏል፤ የማሬ ፍራሽ እሱ ሥር ነው። ውዴ በሩን ገፋችው። አልተንቀሳቀሰም። በትከሻዋ ገፋችው። ከወዲያ በኩል አንድ ከባድ ነገር ይዞታል። ጎንበስ ስትል ደፉ ላይ ሁለት የሞቱ አይጦች አየች።

ከዚያ ምድጃውን አነሳችው። ከሥሩ ያለው ምንጣፍ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። ውዴ ይህንኑ ምንጣፍ ለራሷ ሳሎን ገዝታ፣ በሳምንቱ የጋለ ምድጃ አሳርፋ በስታዋለች።

«ቀልደኛ» አለች ለብቻዋ፣ ማን እንደሆነ ገና ለማታውቀው ሰው።

ሰዓዳ ጣቢያ ውስጥ አይኗ አብጦ ጠበቀቻት።

«ከሰል አንድደሻል?»

«ወላሂ አላነደድኩም! ልጅ በተኛበት ክፍል ከሰል አላስገባም። የእኔ ምድጃዎች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ወጥ ቤት ናቸው። እሱን አላውቀውም።»

«ከዚያ በፊት የታመመ ልጅ ነበር?»

ሰዓዳ ቀና አለች። «ሰኞ ከእንቅልፍ ሲነሱ ሦስት ልጆች አስመለሱ። ክፍሉ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ እኔ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት አልነካሁም። አከራዬን ጋሽ ጌጡን ጠየቅኋቸው፤ ‹አይጥ ሞቶ ነው› አሉኝ። በአደጋ መዝገቡ ላይ ጻፍኩት። ማክሰኞ ደግሞ ሪፖርት ጽፌ የሕፃናት ማዋያዎችን ወደሚቆጣጠረው ቢሮ ወሰድኩ። ተቆጣጣሪያችን መልካሙ ‹በትንሽ ነገር ቤት አይዘጋም፤ ነገ መጥቼ አያለሁ› አለኝ። ረቡዕ ሙሉ ቀን ጠበቅኩት። ሐሙስ በረዶ ሲመጣ፣ ከሰኞ ጀምሮ ከፍቼ የተውኩትን መስኮት ዘጋሁ።» በሻሿ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። «እሱ ቢልም ባይልም ቤቱን መዝጋት ነበረብኝ። ይህን አልክድም።»

ውዴ መዝገቡን አስመጥታ ገለጠችው። የሰኞው ቅጠል ተቀዷል።

መልካሙ ቢሮው ውስጥ ከረባቱን እያስተካከለ ተቀበላት። አደጋው እንደተሰማ ቤቱ ደርሶ መዝገቡን ለፖሊስ ያስረከበው እሱ ነው።

«ሪፖርት የሚባል ነገር አልደረሰኝም፣ ኢንስፔክተር። ጽፋ ቢሆን መዝገቡ ላይ ይገኝ ነበር።»

«ቤቱን መርምረኸዋል?»

«ባለፈው ወር።» የተፈረመ ወረቀት ዘረጋላት። ‹የአደጋ ጊዜ መውጫ፦ ክፍት› ይላል።

«ራስህ ከፍተህ አየኸው?»

«እንዴታ!»

ውዴ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከቢሮው ወጥታ ኮሪደሩን ተሻግራ መዝገብ ቤት ገባች። እዚያ ሙኒራ የምትባል ልጅ የሚገባውን ደብዳቤ ሁሉ ቁጥር እየሰጠች ትመዘግባለች። ውዴ የማክሰኞን ገጽ አሳይኝ አለቻት፤ አይታ አመስግና ወጣች።

አከራዩ ጌጡ ጡረታን የማያውቁ የእህል ነጋዴ ናቸው። ቤታቸው ከሰዓዳ ጋር በአንድ ግቢ ነው። ደጃቸው ላይ አንዲት ልጅ ሌሊት የወረደውን የበረዶ ርጋፊ እየለቀመች ትፈነጥዛለች።

«የልጅ ልጅዎት ናት? እሷም ሰዓዳ ዘንድ ትውላለች አሉኝ።»

«ትውል ነበር። ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ ጉንፋን ይዟት አስቀረኋት።»

ልጅቷ እየጮኸች በአጠገባቸው ሮጠች። አንድ ጊዜ እንኳ አላሳላትም።

«ከአደጋ መውጫው በር ጀርባ ያለው መጋዘን የአንቱ ነው?»

«የእኔ ነው። ዓመቱን ሙሉ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ እሁድ ደግሞ ከእብናት ማሽላ አስገባሁ።»

«የቆላ ማሽላ ነቀዝ ያስቸግራል።»

«የጌጡን እህል ነቀዝ ዝር አይለውም!» አሉ ሽማግሌው፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ውዴ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሰዓዳ ከጣቢያ መጥታለች። የማሬ እናት ብርቱካን ጥቁር ለብሳ፣ ሰዓዳን ላለማየት ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራለች። ጌጡ ከዘራቸውን ተደግፈዋል። መልካሙ ሰዓቱን ያያል።

«ሰዓትህን ተወውና ስማ» አለችው ውዴ። «ከምድጃው ልጀምር። የነደደ ምድጃ ፕላስቲክ ላይ ተቀምጦ ምልክት አይተውም? ይኼኛው አመድ ይዞ የመጣው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ሰዓዳ ልጅቷን ታቅፋ ስትሮጥ፣ ጎረቤት ልጆቹን ሲያወጣ፣ ግቢው ውስጥ የቀረው አንድ ሰው ነው። ሐሙስ ገበያ የዋለችውን የጋሽ ጌጡን ባለቤት ትናንት ጠየቅኋት። ‹ምድጃችን ከሐሙስ ጀምሮ ጠፋብን› አለችኝ፣ ምስኪን።»

ጌጡ ዓይናቸውን ወደ መጋዘኑ በር ወረወሩ።

«ከሰል ካልሆነ ምን ገደላት? አይጦቹ ደፉ ላይ ነው የሞቱት። ልጆቹ ሰኞ አስመለሱ፤ ክፍሉ ነጭ ሽንኩርት ሸተተ። ገበያ ላይ የሚሸጠው የነቀዝ ክኒን እንደዚያ ይሸታል። በጨርቅ ተቋጥሮ እህል ውስጥ ሲገባ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ነቀዝና ልጅ አይለይም።»

መጋዘኑን አስከፈተች። ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ የአደጋ መውጫውን የደፈነው ደግሞ አቧራ የለበሰ የአምና ጆንያ ነው። ፖሊሶቹ አንዱን ጆንያ ሲፈቱ ግራጫ ዱቄት የያዘ የጨርቅ ቋጠሮ ወጣ። ሌላውን ፈቱ። እዚያም ሌላ ቋጠሮ አለ።

«ልጆቹ እሳት ቢነሳ ሊያመልጡበት የተሠራው በር ነው መርዙን ያስገባው» አለች ውዴ። «በደፉ ሥር ገብቶ መጀመሪያ ያገኘው እሱ ሥር የተኛችውን ነው።»

«ትንሽ ነው ብዬ ነው!» አሉ ጌጡ። «አገሩ ሁሉ ያደርገዋል! ለማንም ክፉ አላሰብኩም፤ በማርያም!»

ውዴ እስካሁን አንቱ ስትላቸው ነበር። አሁን ግን ሽማግሌነታቸው ከዓይኗ ጠፋ።

«ትንሽ ከሆነ የልጅ ልጅህን ለምን አስቀረሃት? ልጆቹ የታመሙት ሰኞ ከቀትር በኋላ ነው፤ አንተ ያንተን ያስቀረሃት ሰኞ ጠዋት። ታውቅ ነበር። ሰዓዳ ምን ሸተተኝ ብላ ስትጠይቅህ እንኳ አይጥ ነው አልካት! ጆንያህን ከማንሳት የሰው ልጅ ማስቀበር ቀለለህ?»

ጌጡ ከዘራቸውን ጥለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ከዘራቸውን ያነሳላቸው ሰው አልነበረም።

«እንግዲህ ጉዳዩ ግልጽ ሆነ» አለ መልካሙ ፋይሉን እያጠፈ። «እኔ...»

«አንተ ገና ነህ!» ውዴ ተጠጋችው። «ከመዝገቡ የሰኞን ቅጠል ቀደድክ። ብልጥ ነህ። ግን ቢሮህ መዝገብ ቤት እንዳለው ረሳኸው። ማክሰኞ ጠዋት ‹የሦስት ሕፃናት መታመምን ይመለከታል› የሚል ደብዳቤ ገብቷል፤ ተቀባዩ አንተ፣ ፊርማው ያንተ። ለምን ደበቅከው? መጥተህ ብታይ፣ ሳትመጣ ‹ክፍት› ብለህ የፈረምክበት በር በጆንያ እንደተደፈነ ይታወቅብህ ነበር። ለአንዲት ፊርማህ ስትል ሁለት ቀን ተኛህ። ማክሰኞ ብትመጣ ማሬ ዛሬ እዚህ ትሮጥ ነበር!»

ብርቱካን ከግንቡ ዞረች። ሰዓዳ ዘንድ ሄዳ እጇን ያዘች። ሰዓዳ እንባዋን መያዝ አልቻለችም።

ውዴ ከቦርሳዋ ባዶ ቅጽ አውጥታ መልካሙ ፊት ዘረጋች። «ተቀመጥና ሙላ። የአደጋ ሪፖርት በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ይሞላል ይላል፤ ራስህ ለሰዓዳ ያደልከው ወረቀት ነው። ከአርባ ሰዓት በላይ አልፏል።»

መልካሙ ከጌጡ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀምጦ መጻፍ ጀመረ። የሕፃኗ ስም። ዕድሜ። ቦታ። ‹ሪፖርት የደረሰበት ቀን› የሚለው ላይ ሲያመነታ ውዴ ጣቷን ቀሰረችበት፤ ‹ማክሰኞ› ብሎ ጻፈ። የመጨረሻው መስመር ላይ ግን እጁ ቆመ። ‹የተወሰደ እርምጃ› ይላል።

ብርቱካን የሰዓዳን እጅ ሳትለቅ መጥታ ከበላዩ ቆመች። ጎንበስ ብላ ቅጹን አነበበች።

«ምን አቆመህ?» አለችው። «ጻፈው እንጂ። ‹ምንም› በል።»

መልካሙ ጻፈ።