ከፍላ የተሳፈረችው መርከበኛ

ግራጫዋ ቶዮታ ከኮሎምበስ ዳውንታውን ጀምሮ አልተለየቻትም።

ሲና የሳዮቶን ወንዝ ድልድይ ተሻግራ ፍራንክሊንተን ሰፈር ገባች። ወደ ቀኝ ታጠፈች። ቶዮታዋም ታጠፈች። አንድ የጭነት መኪና መሃላቸው ሲገባ ሲና መብራት ሳታሳይ በአሮጌው መጋዘን ጀርባ ሾለከች። መስተዋቱ ባዶ ሆነ። አምስት ደቂቃ ጠብቃ ወደ ቀጠሮዋ ነዳች።

ቶዮታዋ ፓርኪንጉ ውስጥ ቆማለች።

መስኮቱ ዝቅ አለ። ጋሼ ታዴዎስ ነበሩ፤ አለቃዋ። ከኮሌጅ አውጥተው ለስለላ ሥራ ያሰለጠኗት እሳቸው ናቸው። የምስጢር ስማቸው «መልህቅ» ነው።

«የሚከተልሽን ማምለጥ አልረሳሽም» አሉ።

«አስደነገጡኝ፣ ጋሼ።»

«እኔ ከሆንኩ ይሻላል።» ትንሽ ፍላሽ በመዳፏ አስቀመጡ። «ውስጡ የውሸት ኮድ ነው። እውነተኛው አንድርያስ ጋ አለ። ጀልባዋ ላይ ቀይሪው። እሱ ሳያውቅ ውሸቱን ለገዢው ይሰጣል። በቃ።»

«ልጁስ?»

«ማንም አይነካውም።»

ፌብሩዋሪ 2022 ነበር። በረዶው ገና አልቀለጠም።

አንድርያስ የኢስትሙር ሰፈር ልጅ ነው። ለከተሞች የውሃ ማጣሪያ የኮምፒውተር ሲስተም በሚሠራ ድርጅት ኢንጂነር ነበር። የማጣሪያዎቹን መክፈቻ ኮድ ሰርቆ ሊሸጥ ነው ተብሎ ለሲና ተነገራት። ርክክቡ በካሪቢያን ደሴት ላይ ነው። ባሕር የማያውቁ ሰዎች ከፍለው መርከበኛ በሚሆኑበት የሸራ ጀልባ ውድድር ተመዝግቧል። በሳምንቱ እሷም ተመዘገበች። ለሽፋን ስሟ «ሉሉ»፣ ሥራዋ ጥርስ ክሊኒክ።

አራት ወር አብረው ሠለጠኑ። በጂም፣ በመዋኛ፣ በገመድ አስተሳሰር ትምህርት። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እናቱ ቤት ምሳ በላች። እናቱ፣ እትዬ ማንያህልሻል፣ ከሳህኗ ፊት አይጠፉም ነበር። «ብዪ እንጂ ሉሉዬ፣ የባሕሩ ነፋስ እንዳይወስድሽ» ይሏታል።

ካሪቢያን ባሕር ላይ ጀልባዋ አሥራ አንድ ሰው ይዛ ተነሳች። ሙቀቱ ቆዳ ይልጣል። ጨው ከንፈራቸውን ሰነጠቀው። በየአራት ሰዓቱ ፈረቃ እየተቀያየሩ ሸራ ሳቡ፣ የገባውን ውሃ ቀድተው ደፉ፣ አስመለሱ። ሲና ፍላሹን በሕይወት ማዳኛ ሰደርያዋ ውስጥ ሰፍታዋለች። ሁለት ጊዜ የአንድርያስን ቦርሳ ከፈተች። ሁለት ጊዜ ፍላሹን ሳትቀይር መልሳ ዘጋችው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሞተ። ሁለቱ ከጀልባዋ ጫፍ እግራቸውን ውሃው ላይ አንጠልጥለው ተቀመጡ።

«ሉሉ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አላት። «ወደብ ስንደርስ ለአንድ ሰውዬ ፍላሽ እሰጣለሁ። የመንግሥት ሥራ ነው። ሊይዙት ነው። ውስጡ ጋርቤጅ ነው፣ የማይሠራ ኮድ፤ ራሴ ነኝ የጻፍኩት።»

«ማን ነው የላከህ?»

«ስሙን አላውቀውም። መልህቅ በለኝ ነው ያለኝ።»

መልህቅ።

ያንን ስም የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። እሷና የስሙ ባለቤት።

አንድርያስ የያዘው ውሸት ከሆነ፣ ደረቷ ላይ የተሰፋው ታዴዎስ የሚሸጠው እውነተኛው ኮድ ነው። ፍተሻ የማይነካት ሰላይ ራሷ ተሸክማዋለች። ብትቀይረው ልጁ ሳያውቅ ኮዱን ለገዢው ያስረክባል። ሌባ ተብሎ የሚመዘገበውም እሱ ነው። ታዴዎስ ንጹሕ።

ከዚያች ሰዓት በኋላ ታዴዎስን ጋሼ ብላ አልጠራችውም።

ለአንድርያስ ሁሉንም ነገረችው። ስሟንም ጭምር።

«እማዬ ቤት የመጣሽውስ? እሱም አሳይንመንት ነበር?»

«መጀመሪያ ላይ።»

ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ።

በካፒቴኑ የሳተላይት ስልክ የታዴዎስን የበላይ፣ ህብረት የምትባለውን ሴት አገኘቻት። ንግግሩ አጭር ነበር።

«ሰዎቼ ደሴቷ ላይ የሚደርሱት እናንተ ከገባችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው» አለች ህብረት። «ርክክቡ ከቀረ ገዢው ይሰወራል። ታዴዎስም ይነቃል።»

አንድርያስ ሰምቷል። «እኔ ልሂድ» አለ። «ያው የራሴን ጋርቤጅ ነው የምሰጠው። ላብራራለት እያልኩ አቆየዋለሁ።»

አይሆንም ማለት ነበረባት።

አላለችም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት የውድድሩን የመጨረሻ መስመር አለፉ። የወደቡ ሰው ከበሮ እየመታ ተቀበላቸው። አንድርያስ ለእናቱ ደወለ፣ ሳቀ፣ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ወደ ዓሣ ገበያው አቀና። ሲና ሠላሳ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ ተከተለችው። ሌላ ተወዳዳሪ ጀልባ ገባች። ሕዝቡ እየዘለለ መንገዱን ሞላው።

ጠፋባት።

ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞረች። ስሙን ጮክ ብላ ጠራች፤ ሰላይ የማያደርገውን።

ገዢው በሞተር ጀልባው ሊወጣ ሲል ተያዘ። ኮምፒውተሩ አጠገቡ ነበር፤ ፍላሹን ከፍቶ ውሸት መሆኑን አይቷል። ታዴዎስ በዚያው ሰዓት ኮሎምበስ ቢሮው ውስጥ እጁን ለካቴና ሰጠ። አንድርያስን ያገኙት እኩለ ቀን ላይ፣ በታሰሩት ጀልባዎች መሃል አስከሬኑ ተንሳፎ ነው።

ሲና እውነተኛውን ፍላሽ በእጇ ለህብረት አስረከበች።

«ሥራው ተጠናቋል» አለች ህብረት። «መዝገቡ ተዘግቷል። ለቤተሰቡ የሚነገረው ወድቆ ሰጠመ ነው። ለቅሶ አትሄጂም።»

ሄደች።

ኢስትሙር ያለው ቤት ጋራዡ ድረስ በሰው ተሞልቷል። ጥቁር ነጠላ፣ ማስክ፣ የታጣፊ ወንበር ድምፅ። እትዬ ማንያህልሻል ሲያዩዋት እጃቸውን ዘረጉ። አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ጠጥቶ ነበር ይላሉ። ልጄ ጠጥቶ ነበር?»

«አልጠጣም፣ እትዬ። አንድም ጠብታ።»

«ታዲያ እንዴት?»

ሲና የነጠላቸውን ጫፍ ትከሻቸው ላይ መለሰች። እሳቸው እጇን አልለቀቁም።

«ያን ዕለት ኮል አድርጎልኝ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ደስ ብሎት ነበር። ‹እማ፣ ይዣት እመጣለሁ። ስሟ ሉሉ አይደለም፣ ራሷ ትነግርሻለች› አለኝ።» ዓይኗን ፈለጉ። «ልጄ፣ ማን ነሽ?»

እውነተኛው ስሟ ምላሷ ላይ ነበር።

«ሉሉ ነኝ» አለች።

አሮጊቷ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ቀስ ብለው እጇን ለቀቁ። ሌላ ለቀስተኛ ገባ። ሲና ተነስታ ቦታውን ሰጠች፤ ስትወጣ ያያት አልነበረም።

በማግስቱ ዋይንላንድ ፓርክ ሰፈር ያለውን አፓርትመንቷን ባዶ አደረገች። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቷ ሀዋ ሻንጣውን ስታይ ወዴት እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ዘመዶቼ ጋ» አለች።

ሀዋ በሩን ያዘችላት። አመስግናት መኪናዋ ውስጥ ገባች፤ መሪውን ይዛ እስኪበቃት አለቀሰች። ከዚያ ሞተሩን አስነሳች። በምትሄድበት ከተማ አንድም የሚያውቃት ሰው አልነበረም።