ሊዮ ይጀምራል

ደወሉ የጮኸው የሟቹ የሊዮ የቁማር ጠጠር ሳያልቅ ነበር። የሃርላን ፎልስን ከተማ ሰው ከአለቃው አስከሬን በላይ ያስደነገጠውም ይኸው ነው።

በየዓመቱ በኅዳር፣ ጭጋጉ ከወንዙ ተነሥቶ የተቃጠለውን የጥጥ ፋብሪካ ሲውጠው፣ የከተማው በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ለአቅመ ደካሞች የማሞቂያ ነዳጅ መግዣ የፖከር ውድድር ያዘጋጃሉ። ጨዋታው ባለ ሰባት ካርታ ስተድ ነው፤ በዚያ አዳራሽ ሌላ ዓይነት ፖከር ስሙን የጠራ ሰው የግብዣውን ቦሎቄ ሳይቀምስ ወደ ቤቱ ይሸኛል። በመጨረሻው ጠረጴዛ ዙሪያ ካሉት ወንበሮች አንዱ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ወንበሩ በፋብሪካው ቃጠሎ ውስጥ የቀረው የሊዮ ቴሪዮ ነው።

ለሊዮ እንደ ሕያው ሰው ካርታ ይታደልለታል። የፕላስቲክ ጠጠሩ ይደረደርለታል። ሚስቱ በርኒስ አጠገቡ ተቀምጣ የየዙሩን መግቢያ ከጠጠሩ ላይ ትከፍልለታለች። መጫወት ስለማይችል ካርታው ይነሣል፤ ጠጠሩም በየዙሩ እየሳሳ ይሄዳል። ሲያልቅ፣ የእሳት ማጥፊያ ቱቦ በሚደርቅበት ማማ ላይ ወጥቶ የሚጠብቀው የሠራተኞቹ አለቃ አርማንድ ፑልዮ ደወሉን አንድ ጊዜ ይደውላል። ሰው ሁሉ ይቆማል፤ ሊዮም ለዓመት ይሄዳል።

ዘንድሮ ግን ደወሉ ሲጮህ የሊዮ ጠጠር ጠረጴዛው ላይ ነበር። «ሊዮ ራሱ ደወለው!» ያለችው ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሮጠው ማማው ሥር ሲደርሱ አለቃ አርማንድ ሲሚንቶው ላይ ተዘርሯል። ገመዱ ከበላዩ ገና ይወዛወዛል።

የግዛቱ ፖሊስ መርማሪ ኦዴት ራንኩር መጣች። ኦዴት ማለት «ጨው አቀብለኝ» ብላ ብቻ የመኪና ሌባ ያናዘዘች ሴት ናት። ስታስነጥስ እስረኞቹ ሁሉ «ይማርሽ» የሚሏት ወደዋት ሳይሆን የተነቃባቸው መስሏቸው ነው። ያደገችው እዚሁ ከተማ ነው፤ ካርታም የተማረችው ፊደል ሳትቆጥር ከአባቷ ጉልበት ላይ ነው።

«ወድቆ ነው» አለ የከተማው ፖሊስ ሳጅን ፒርስ። «አርጅቶ ነበር።»

ኦዴት ተንበርክካ የሟቹን መዳፍ ገለጠች። ቆዳው ተልጦ ቀይ ሆኗል።

«ደወል የሚደውል ሰው እጁ እንዲህ ይላጣል?»

«አይላጥም።»

«እየወደቀ ገመዱን ጨብጦ ነው። አርማንድ እንኳን ለሊዮ፣ ለራሱ ቀብርም ቀድሞ አይደውልም።» ቀና ብላ ወደ ማማው ተመለከተች። «የአናቱ አጥር ደረት ድረስ ነው፤ ሽማግሌ አይዘለውም። ተገፍቷል።»

«እንግዲያው በርኒስ ናት» አለ ሳጅኑ፣ ሐሳቡን ለመለወጥ ዐይኑን እንኳ ሳያርገበግብ። «ጨዋታው ሲጀመር አርማንድ ተነሥቶ፣ ‹ዛሬ የሊዮ ጠጠር ሲያልቅ፣ ሳልደውል በፊት የፋብሪካውን ነገር እናገራለሁ፤ በቃኝ› አለ። በርኒስ ደግሞ ‹ባሌን ሁለቴ ልትገድለው ነው?› ብላ በሰው ፊት ጮኸችበት። ደወሉ ሲጮህ ጠረጴዛው ላይ አልነበረችም። ይሄ ደግሞ ከሽርጧ ኪስ ወጣ።» እፍኝ ሙሉ ነጭ ጠጠር አሳያት።

የፋብሪካውን ነገር ከተማው ሁሉ የሚያወራው በአንድ አፍ ነው፦ ሊዮ ማንም ሳያዘው፣ ጀግና ልባል ብሎ ገባ፤ ተቃጠለ። ለዚህም ነው የእሳት አደጋ ጣቢያው በር ላይ ባለው የመታሰቢያ ድንጋይ ስሙ የሌለው። በርኒስ ያንን ድንጋይ ላለማየት በጓሮ በር ነው የምትገባው።

ኦዴት ወጥ ቤት አገኘቻት። በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረው የአሳማ ሥጋ ፓይ ማንም ሳይነካው ቀዝቅዟል።

«በርኒስ፣ ጠጠሩን ከየት አመጣሽው?»

«ከጠጠር ሳጥኑ ሰረቅሁ። ሰው ሳያየኝ ሊዮ ላይ እጨምር ነበር።»

«ለምን?»

«ሲያልቅ ይሄዳላ!» አፏን በሽርጧ ያዘች። «ደግሞ ፈራሁ። አርማንድ ተነሥቶ፣ ‹አዎ፣ ሳይታዘዝ ገብቶ ራሱን ገደለ› ቢል እኔ ምን ይዤ እኖራለሁ? አንድ ዙር ይቆይልኝ አልኩ። ከዚያ ደግሞ አንድ።»

«ደወሉ ሲጮህስ?»

«ጥቁሯ ሦስት ወጣችለት። ሰዉ ሁሉ ‹ሊዮ ይጀምራል› አለ። አልቻልኩም ኦዴት። ክፍያውን ገፋሁለትና እዚህ መጥቼ አለቀስኩ። ብቻዬን ነበርኩ፤ ምስክር የለኝም።»

በስተድ መነሻ ለእያንዳንዱ ሁለት የተሸፈነና አንድ የተገለጠ ካርታ ይታደላል፤ ዙሩን የሚከፍተው፣ ከተገለጡት ካርታዎች ሁሉ ትንሹ የደረሰው ሰው ነው፤ ወደደም ጠላም ይከፍላል። ትንሿ ካርታ በባዶው ወንበር ፊት ስትወድቅ አዳራሹ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሊዮ ይጀምራል» ይላል። ያኔ የወንዙ ውኃ እንኳ ይቆማል ቢባል የሚከራከር የለም።

ከበርኒስ በኋላ ኦዴት የጠራችው ሽማግሌውን የቧንቧ ሠራተኛ ዋልት ኩበክን ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽ በሕይወት ቢኖር እንዲህ ጊዜዬን አያባክንም ነበር።»

«አባቴ ስንት ጊዜ በልቶሃል ዋልት?»

«እሱን ለፖሊስ አልናገርም።»

«በመጨረሻው ዙር ተገልጠው የነበሩትን ካርታዎችስ ትናገራለህ?»

«እነሱንማ ተኝቼም እናገራለሁ። እኔ ዘጠኝ። ማርጅ ንግሥት፤ ያቺ የአውቶቡስ ሹፌር ዛሬ ከሰይጣን ጋር ተዋውላ ነው የመጣችው። ሊዮ ሦስት። ከኮቱ ፊት ደግሞ ንጉሥ።»

«ከምኑ ፊት?»

«ከዴል ኮት። ወንበሩ ላይ የሰቀለው።»

«ዴልስ ነበረበት?»

«እኔ የማየው የማርጅን ፊት እንጂ የዴልን መቀመጫ ነው እንዴ? ተመልካቹ እላያችን ላይ እንደ ሰርዲን ታጭቆ!»

ካርታ የሚያድሉት አባ ዱሴት ነበሩ። ከካናዳ ጠረፍ እስከ ፍሎሪዳ ቢፈለግ ከእሳቸው የባሰ ዐይነ ደካማ ቄስ አይገኝም፤ አንድ ጊዜ ኮት መስቀያ አናዝዘዋል ይባላል።

«አባ፣ ዴል ካርታውን ሲጥል አይተዋል?»

«ልጄ፣ ሰው በዝምታም ይጥላል። ያልከፈለውን እኔ እሰበስባለሁ። የሊዮንና የዴልን ሰብስቤ ክርኔ ሥር አኖርኩ፤ ደወሉ ጮኸና ሁሉም ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም፤ ቁጭ ብዬ እየጠበቅሁት ነው።»

ኦዴት የካርታዎቹን ጫፍ ቀና አድርጋ አየችና መልሳ አስቀመጠች። ለአፍታ ያህል አባቷ ከኋላዋ ቆሞ የሳቀ መሰላት፤ ዘወር አለች፤ ማንም የለም።

የቀረው ዴል ሃስኪን ነው። ቤት ሻጭ ነው፤ ፈገግታው ብቻውን በአንድ ጠዋት ሦስት ቤት ይሸጣል። ከአርማንድ ቀጥሎ አለቃ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ለከተማው ውድድር ብቅ ይላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ሌላ ቦታ፣ በየካዚኖው፣ ሆልደም የሚባለውን ፖከር ሲጫወት ነው የሚከርመው።

«ደወሉ ሲጮህ የት ነበርክ?»

«እዚያው ጠረጴዛው ጋ። እርባና ቢስ ካርታ ደረሰኝ፤ ጣልኩና ከዋልት ኋላ ቆሜ ሳይ ነበር።»

«ምን ነበር የተገለጠው ካርታህ?»

«ሁለት። ቀይ ሁለት። በሁለት ማን ይጫወታል?»

«ማንም» አለች ኦዴት፣ እንደ ልጅ ሞግዚት በለሰለሰ ድምፅ።

ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ገና ከሰዓት በኋላ ቢሆንም ጭጋጉ መስኮቱን አጨልሞታል። በሊዮ ወንበር ላይ የተቀመጠ አልነበረም፤ ግን ሁሉም ቦታ የለቀቁለት ያህል ፈንጠር ብለው ነበር የቆሙት። ሳጅን ፒርስ ካቴናውን ይዞ ከበርኒስ ኋላ ቆሟል።

«ሳጅን፣ በርኒስ አለቃው እንዳይናገር ስለፈራች ጠጠር ጨመረች» አለች ኦዴት። «እውነት ነው። ታዲያ ለመግደል ምን አስቸኮላት? ጠጠሩ ኪሷ ውስጥ ነው። ብትፈልግ እስኪነጋ ታቆየው ነበር። የቸኮለው ሌላ ሰው ነው። ጠጠሩ ሊያልቅ መሆኑን ያየ፣ በርኒስ እየጨመረች መሆኗን ግን ያላወቀ ሰው።»

ሳጅኑ ካቴናውን ዝቅ አደረገ።

«ዋልትና ማርጅ ሲፋለሙ አዳራሹ ሁሉ አይቷቸዋል። አባ ያድሉ ነበር። ዴል ደግሞ ከዋልት ኋላ ቆሜ ነበር ይላል፤ ሁለት ደርሶት ስለጣለ።»

«ሁለት?» አለ ዋልት።

«ሁለት» አለ ዴል። «ምናለበት?»

«በሆልደም ምንም የለበትም» አለች ኦዴት። «ትንሽ ካርታ ትጥላለህ፣ ትሄዳለህ፤ ማንም አይጠይቅህም። እዚህ ግን ትንሹ የደረሰው ነው የሚከፍተው። ሁለት ያንተ ከሆነ መጀመር የነበረብህ አንተ ነህ። የጀመረው ማን ነው?»

ማንም ሳያዛቸው፣ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት ሁሉ አንድ ላይ አንሾካሾኩ፦ «ሊዮ።»

«ይህን አዳራሹ ሁሉ ሰምቷል፤ ዴል ብቻ አልሰማም። ያኔ የማማውን ደረጃ እየወጣ ነበር።»

«ከሌላ ዙር ጋር አምታትቼው ይሆናል» አለ ዴል። ፈገግታው አንድ ቤት እንኳ የማይሸጥ ሆኗል። «ብቻ መጥፎ ካርታ እንደነበር አውቃለሁ።»

ኦዴት ከአባ ዱሴት ክርን ሥር ያሉትን ካርታዎች ሳበች። «አባ የሰበሰቡት የሁለት ሰው ብቻ ነው። ይኸው የሊዮ፤ ጥቁሯ ሦስት እነሆ። ይሄ ደግሞ ያንተ መጥፎ ካርታ።» አንድ በአንድ ገለጠቻቸው። ንጉሥ። ንጉሥ። ንጉሥ።

ዋልት ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ። «ሦስት ንጉሥ! ገና ከመነሻው! ሰው መግደሉስ እሺ፤ ሦስት ንጉሥ ይጣላል?»

«አልጣለውም ዋልት። አላየውም። ካርታ የታደለው ለኮቱ ነው።» ኦዴት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በፋብሪካው ቃጠሎ ቀን ማን የት ነበር?»

«አርማንድ ያዝዝ ነበር። ሊዮ ውስጥ። እኛ ወንዙ ማዶ። የውኃ ፓምፑ ላይ...» ዋልት አቆመ።

«ፓምፑ ላይ ዴል። እንግዲህ አርማንድ ሊናገር የነበረውን የሚያውቁት ሦስት ናቸው። አንዱን እሳት በላው፣ አንዱ ማማው ሥር ተኝቷል።»

ዴል ባዶውን ወንበር ሳያየው ዞሮት ሄደና መስኮቱ ጋ ቆመ።

«አርማንድ ነው ያስገባው» አለ። «ዘበኛው ውስጥ የቀረ መስሎት፣ ‹ግባ ሊዮ› አለው። ገባ። ጣሪያው ሲሰነጠቅ ሰማሁ። ፓምፑን ጥዬ ሮጥኩ። ውኃው ቆመ። በኋላ ሁለታችንም፣ ‹ማንም ሳያዘው ገባ› አልን። ዛሬ ማማው ላይ ‹ተው አርማንድ› ብዬ ለመንኩት። ጀርባውን ሰጠኝ።»

ሳጅን ፒርስ ካቴናውን ይዞ ወደ ዴል ተጠጋ።

«በርኒስ» አለ ዋልት። «ነገ ድንጋይ ጠራቢውን አንገቱን ይዤ አመጣዋለሁ። የሊዮ ስም ከሁሉም በላይ ይጻፋል።»

«ድንጋዩ ይቆይ» አለች በርኒስ። ሄዳ ዴል ፊት ቆመች። «ፓምፑ ላይ ሳለህ የመገናኛ ሬዲዮ ነበረህ።»

«ነበረኝ።»

«ውኃው ሲቆምበት ሊዮ ምን አለ?»

«በርኒስ፣ ተዪኝ።»

«ምን አለ?»

ዴል ግንባሩን ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ደገፈ።

«ውኃ አላለም። ‹ዴል፣ ምን ሆነህ ነው? ተጎድተሃል? አይዞህ፣ መጣሁልህ› አለኝ። እስከ ዛሬ እየመጣ ነው።»

በርኒስ ዐይኗን ጨፈነች። የምታውቀው ድምፅ በር ላይ እንደሰማች ሴት ፊቷ ቀስ ብሎ ተፈታ።

«እሱ ነው» አለች። «የኔ ሊዮ ነው።»